ራስን የማወቅ ክበብ፦ ሦስት ገጽ ንዴት

የዘንድሮውን ዓመት የጀመርነው በስህተት ነው፤ ስህተቱም የእኔ። ሚልተን ሮኪች የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእሴቶች ዝርዝር አለ። 18ቱ ልንደርስባቸው የምንመኛቸው ግቦች ናቸው፣ 18ቱ ደግሞ የአኗኗር ጠባዮች። የክበቡን ተማሪዎች «በቅደም ተከተል አስቀምጡ» አልኳቸው። ከጠባዮቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ታማኝነትን አንደኛ አደረገ። ምን ያድርጉ፣ መምህር ፊት ቁጭ ብለው! እኔም ራስን መግዛትን አንደኛ አልኩ። አርፍደው የጮህኩባቸው ሁለት ልጆች ተያይተው ሳቁ።

ዝርዝሩን አጥፈን አስቀመጥነው። በምትኩ እስካሁን ከልባችሁ ያልወጣ አንድ ቀን ጻፉ አልኩ፤ ያስደሰታችሁ፣ ያናደዳችሁ ወይም አንገታችሁን ያስደፋችሁ። መጀመሪያ ጮክ ብለን እናነብ ነበር። አንዷ መሃል ላይ ድምጿ ሲቆራረጥ ግን ተውነው፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም አያነብም፣ እኔንም ጨምሮ።

የደስታ ቀኖቹ እውነቱን ለመናገር ይመሳሰላሉ። ንዴቱ ግን ሌላ ነው። በዝርዝሩ ላይ ሰላምን ያስቀደመ አንድ ልጅ ስለ አንድ የቡድን ሥራ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ ሌሎች የለፉበትን አንዱ አቅርቦ ተጨበጨበለት። «ስምህ ስላልተጠራ ነው?» አልኩት። ቆየት ብሎ «የእኔስ ይቅር፤ አብዛኛውን የሠራችው ልጅ ዝም ስትል ነው የተቃጠልኩት» አለኝ። ሰላም ወዳዱ ልጅ ለካ ለፍትሕ ሲል ሰላም ለማደፍረስም ዝግጁ ነው።

ሌላዋ ለሦስት ቀን የታገላትን የሒሳብ ጥያቄ ብቻዋን የፈታችበትን ምሽት ጻፈች። ለማንም አልተናገረችም፤ ስኬት መውደድ ራስ ወዳድነት ስለሚመስላት ታፍርበት ነበር። ይሄኔ ሻሎም ሽዋርትዝ የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ምሁር ያወጣውን የእሴቶች ክብ ሰሌዳው ላይ ሳልኩ። ምሁሩ መሠረታዊ ያላቸው 10 እሴቶች ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ ጎረቤታሞቹ ይስማማሉ፣ ፊት ለፊት የተያዩት ይጓተታሉ። ስኬት ከ10ሩ አንዱ ነው፣ ትይዩው ደግሞ ለቅርብ ሰው በጎ መሆን። «ሁለቱም አሉኝ ማለት ነው፣ ይጣላሉ እንጂ» አለች። ከእኔ አሳጥራ ገለጸችው።

«እኔ ምንም አጋጥሞኝ አያውቅም» ብለው ባዶ ገጽ ይዘው የሚቀመጡም ነበሩ። ትልቅ ገጠመኝ መጠየቄ ነው ያስፈራቸው። «ባለፈው ሳምንት ማንም ሳያዛችሁ ምን ሠራችሁ?» ስል እስክሪብቶው መንቀሳቀስ ጀመረ።

በመጨረሻው ሳምንት ያንኑ ዝርዝር አውጥተን እንደገና ሞላነው። ታማኝነት አንደኛ ሆኖ የቀረው ሁለት ልጆች ጋ ብቻ ነው፤ አንደኛው ምክንያት ብሎ የጻፈው የዋሸበትን ቀን ነው። እኔ ራስን መግዛትን ወደ ዘጠነኛ አወረድኩት። እነዚያ ሁለቱ አርፋጆች ወረቀቴን አዩና «ቲቸር፣ አሁንም ከፍ ብሏል» አሉኝ።