ወደቡ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አዲሱ ድልድይ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ እንቦጩ የምትጽፉትን አነባለሁ። እኔ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ስለምታንስ አንዲት ጥያቄ ልጻፍላችሁ። የባሕር ዳር ወደብ የሚያልቀው የት ላይ ነው? ወደብ ስል ወረታ ያለውን ደረቅ ወደብ አይደለም፣ እዚሁ ጣና ዳር ያለውን፣ እርጥቡን ነው። ለቀልድም አይደለም የምጠይቀው። ሦስት ቢሮ ዞሬ መልስ ስላጣሁ ነው።

የምኖረው ከወደቡ ጀርባ ነው። እዚህ ሰፈር ከገባሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያኔ ወደብ ማለት አንድ አጥር፣ አንድ በር፣ እሑድ እሑድ ወደ ጎርጎራ የምትነሳዋ መርከብ፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች፣ በቃ ይኸው ነበር። መኪና ይመጣል፣ ያራግፋል፣ ይሄዳል። አሁን መጥቶ አይሄድም። ያድራል። አንዳንዴም ይሰነብታል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የግቢዬን በር ስከፍት አንድ ሲኖ አፍንጫዬ ሥር ቆሟል። ሲሚንቶ ጭኗል። ጎማው ሥር ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ተወሽቋል። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ እግሩን በመስኮት አውጥቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። የጎረቤቴ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በመኪናውና በአጥሩ መካከል በጎኗ እየተሹለከለከች ታልፋለች። በዚያው ቅጽበት ሌላ ኤፍኤስአር ወደ ኋላ እየመጣ ነው። የዚህኛው ረዳት የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ «ና! ና! ና! በቃ!» ይላል። ልጅቷን አላያትም። እኔ ጮኼ ነው ያቆምኩት። ልጅቷ ደህና ናት። የእኔ ልብ ግን እስከ ምሳ ድረስ ቦታው አልተመለሰም።

ሾፌሩ ከቡና ሲመለስ ልቆጣው ተዘጋጅቼ ጠበቅኩት። ገና አፌን ሳልከፍት «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሁለተኛ ቀኔ ነው» አለኝ። «ጀልባው ከደቅ ደሴት አልተመለሰም። ግባ የሚለኝ የለ፣ ውጣ የሚለኝ የለ። ወዴት ልሂድ?» ቁጣዬ እዚያው ላይ በረደ። እውነቱን ነው። ለሱም የት መቆም እንዳለበት የነገረው ሰው የለም።

ከዚያ ነው ቢሮ መዞር የጀመርኩት። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጠቅስም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንደኛው «መንገዱ የኛ ነው፣ መኪናው ግን የወደብ ነው» አለኝ። ሁለተኛው «ከአጥሩ ውጭ ያለው አይመለከተንም» አለኝ። ሦስተኛው «ዳርቻው የሐይቁ ክልል ስለሆነ ሌላ አካል ነው የሚያየው» አለኝና ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አሳየኝ። ካርታው ላይ ወደቡ በሰማያዊ መስመር ተከቧል። ደስ አለኝ፣ ተገኘ ብዬ ጠጋ አልኩ። መስመሩ እኛ ሰፈር ጋ ሲደርስ ጠፋ። የወረቀቱ እጥፋት በልቶታል። ባለሙያው በጥፍሩ እየፋቀ «እዚህ አካባቢ ነው እንግዲህ» አለኝ። እኔ የምኖረው እዚያ እጥፋት ውስጥ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዳንዱ ሰው ወሰኑ ቀላል ነው ይላል፣ ከውኃው ጠርዝ ይህን ያህል ሜትር ተብሎ ይለካ። ከየትኛው ጠርዝ? ጣና እኮ አንድ ቦታ አይቆምም። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ሞልቶ አጥር ሥር ይደርሳል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ሸሽቶ ባዶ መሬት ጥሎልን ይሄዳል። ገበሬው ይህን መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል፣ ውኃው ሲሸሽ ያርሰዋል። እኛ ሰፈር የሚታረስ ነገር የለም። ባሕር ሸሹ ላይ የሚወጣው መኪና ነው። መጀመሪያ አንድ መኪና ለመዞር ይገባል፣ ቀጥሎ ሁለት ይቆማል፣ ከዚያ አንዱ ቆርቆሮ አቁሞ ዕቃ ማስቀመጫ ያደርገዋል፣ ውኃው ሲመለስ ደግሞ አፈር ይደፋበትና ያ መሬት ወደብ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳይፈርም፣ ወደቡ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም ሐይቁ በጣም ወርዶ መርከቦቹ መንቀሳቀስ ያቃታቸውን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች አለን። በዚያ ዓመት ጠርዝ ቢለካ ወሰኑ የት ይወድቅ ነበር?

ወረፋ የሚጠብቁት መኪኖች ደግሞ ዝም ብለው አይቆሙም። ረዳቱ ሥራ ሲፈታ ባልዲ ያነሳል። ከሐይቁ ይቀዳል፣ መኪናውን ያጥባል፣ ጥቁሩ ዘይት እየተንኳለለ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከዚያ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ቀረሶ ዓሣ እየተጠበሰ ይሸጣል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ያ ምዝገባ ራሱ የወሰን ጉዳይ ነው። የሚጠበቀው እምብርት የት ነው፣ መከለያው የት ነው፣ ሰው ሠርቶ የሚኖርበት የት ነው ተብሎ ተከፋፍሏል። ሐይቁን በሙሉ ከፋፍሎ በካርታ ማስቀመጥ ከተቻለ አንድ ወደብ እንዴት ያቅታል?

ከተማዋ ደግሞ ፕላን በማያውቅ ሰው የተሠራች አይደለችም። ማስተር ፕላኗ በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያ የተሠራላት ከተማ ናት። ሰፋፊዎቹን መንገዶች ከነዘንባባቸው ዛሬም እንኮራባቸዋለን። አዲሱ የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ሆኖ በግንቦት 2016 ተመርቆልናል፣ ጎንደር ወጪ ገቢው ተንፍሷል። ወደ ወደቡ የሚያስገባው መንገድ ግን እንደነበረው ነው። ኮብልስቶን ነው። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ሲሄድበት ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ሌላው መኪና ጉድጓዱን ሲሸሽ ወደ እግረኛው ይወጣል።

እንዳትሳሳቱ፣ ወደቡ ይነሳ አላልኩም። ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ደቅ ላይ የሰው ቤት ይሆናል። ጫኝና አውራጆቹ ልጆቻችን ናቸው። ዋርካው ሥር ቡና የምታፈላው እህታችን ሾፌር ባይኖር ምን ትበላለች? ደግሞ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ከባድ መኪና ቀን ቀን እንዳይንቀሳቀስ ከልክላለች፣ እኛም እንከልክል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጀልባ የሚጫነው በጠዋት ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። አሁን ባለንበት ሁኔታ ደግሞ ሌሊት መንገድ ላይ ያለ ሾፌር በምን ስጋት እንደሚነዳ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ወሰኑ መስከረም ላይ ውኃው ሞልቶ ከሚደርስበት ተለክቶ፣ መሬት ላይ ችካል ይተከል። ካርታው ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሳይታጠፍ። ከችካሉ ውጭ ያለ መኪና የማን ኃላፊነት እንደሆነ አንድ ቢሮ በስሙ ይውሰደው። ወረፋ የሚጠብቀው መኪና ደግሞ ከከተማ ውጭ ይቁም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መሸንቲ በኩል፣ ከወረታና ከጎንደር የሚመጣው ዘንዘልማ በኩል። ጀልባው ሲደርስ ይደወልለት። ስልክ የሌለው ሾፌር የለም። መጠበቂያው ሲሠራ ግን ሽንት ቤትና ውኃ ይኑረው፣ የዚያ ሰፈር ሰው ደግሞ ቀድሞ ይጠየቅ። ችግራችንን አንስተን ሌላ ሰው በር ላይ መጣል አልፈልግም። ወደቡ ይስፋ ከተባለም እኛን ሰብስበው ይንገሩን፣ ከመኪና ጎማ አንስማ።

ያ ሲኖ ሐሙስ ሄደ። ሁለቱን ድንጋይ ትቶልኝ ነው የሄደው፣ እስካሁን በሬ ላይ አሉ፤ ልጆቹ መቀመጫ አድርገዋቸዋል። አርብ ዕለት በቦታው ሌላ መጣ፣ ይህኛው የቢራ ሳጥን ነው የጫነው። ጋዜጠኛ የምትልኩ ከሆነ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ይምጣ። ከዚያ በኋላ መግቢያ አያገኝም።

የወደብ ጀርባ ነዋሪ
ባሕር ዳር