የበዓል ማግስት፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ የጀመረው በበዓል ማግስት ነው። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ የበዓል ዝግጅት ባለፈ ማግስት ጠዋት አባላቱ ጓንት አጥልቀው የአዳራሹን ቆሻሻ ከረጢት በከረጢት እየዘረገፉ ለዩ። ሁሉም ፕላስቲኩ ይበዛል ብለው ነበር፤ እኔም እንዲሁ። ከሁሉ የገዘፈው ክምር ግን የምግብ ትራፊ ሆነ፤ ግማሹ ሳይነካ የተጣለ ነበር። ያን ዕለት ብዙም ያወራ አልነበረም።

በሚቀጥለው ስብሰባ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ያወጣውን አኃዝ አብረን ተመለከትን። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ለሸማቾች ከቀረበው ምግብ 19 በመቶው፣ ማለትም 1.05 ቢሊዮን ቶን ያህሉ ባክኗል፤ ከዚህም 60 በመቶው የባከነው በየቤቱ ነው። ምግብ ከቆሻሻ ሥር ተቀብሮ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይበረታል። ስለዚህ ለሁለተኛው ዝግጅት ሳህን ከማሰባችን በፊት እንግዶቹን ቆጠርን። ምግቡ በትንሽ በትንሹ እንዲቀርብ፣ የፈለገ እንዲጨመርለት አደረግን። ያንሳል ብለው የሰጉ ነበሩ፤ አላነሰም።

የተረፈውን ብስባሽ ለማድረግ የቆፈርነው ጉድጓድ ግን በሳምንቱ ሸተተ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርጥቡን ትራፊ ብቻ አስሞላሁ። ደረቅ ቅጠል እየደራረብን በየጊዜው ስናገላብጠው አየር አገኘ፤ ሽታውም ጠፋ።

ተማሪዎቹ በጣም የወደዱት የመጠቅለያ ወረቀት ሙከራውን ነበር። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ብልጭልጩን መጠቅለያ በመዳፏ ጨምድዳ ለቀቀችው፤ ቀስ እያለ መልሶ ተዘረጋ። ተራውን ወረቀት ስትጨመድደው እንደተጨማደደ ቀረ። የሚዘረጋው ፕላስቲክ አለበት፤ ከወረቀት ጋር ተቀላቅሎ መልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። ለጌጥ የሚነሰነሰው ብልጭልጭ ዱቄት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ከጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው፤ ጨርቁን ስናጥበው ሁሉም ከውኃው ጋር ሄደ። ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ደቃቅ ፕላስቲክ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ልቅ የፕላስቲክ ብልጭልጭ መሸጥን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከልክሏል። እኛም ከጌጣችን አስወጥተነዋል። ፊኛ መልቀቅም ቀርቷል። መብራቶቹን በኤልኢዲ ቀይረናል፤ ከአሮጌው አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ።

በመጨረሻው ዝግጅት ስጦታዎቹን የጠቀለልነው፣ ጃፓኖች ፉሮሺኪ በሚሉት ዘዴ፣ በአራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ጨርቁን የቆረጥነው ካረጁ ልብሶች ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ፤ አዲስ ጨርቅ ገዝቶ ለአንድ ቀን መጠቅለያ ማድረግ ቁጠባ አይደለም። የጥጥ ምርት ብዙ ውኃ ይፈጃል፤ ጨርቁ ከወረቀት የሚሻለው ደጋግሞ ሲያገለግል ብቻ ነው። አሮጌውም ቢሆን መመለስ አለበት።

ከ40ዎቹ ጨርቆች እስካሁን የተመለሱት 27 ናቸው። የቀሩት 13 ጨርቆች በቤታችሁ ያሉባችሁ ወላጆችና ተማሪዎች፣ ባትተኩሷቸውም ግድ የለም፣ እንዲሁ አምጡልን። የክበቡ ቁም ሣጥን በእረፍት ሰዓት ክፍት ነው።