ለእማዬ፣ ጡረታ በወጣሽበት ሰሞን

ለንደን፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሰኔ 30 ቀን ከሥራ ስትመለሺ ጋዋንሽን አጥበሽና ተኩሰሽ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሰቀልሽው ታናሼ በስልክ ነገረኝ። 39 ዓመት! ደውዬ እንኳን ደስ አለሽ ብዬሻለሁ፤ ነገር ግን በስልክ ልናገረው ያልደፈርኩት አንድ ጉዳይ ስላለ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

እንደምታውቂው በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነኝ። እኩለ ሌሊት ላይ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ከፍቼ የቴርሞሜትሩን ቁጥር መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ኢንሱሊን አለበት፤ ሙቀቱ ከ2 ዲግሪ መውረድ፣ ከ8 ማለፍ የለበትም። እስክሪብቶውን ባነሣሁ ቁጥር የ1990 ፋሲካ ፊቴ ላይ ይመጣል።

አባባ ካረፈ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ነበር። ቅዳሜ የጠፋው መብራት እሑድ ጠዋትም አልመጣም። ዶሮው ወጥቶ፣ ታናሼ እጁን ታጥቦ ሲጠብቅ፣ አንቺ በሐበሻ ቀሚስሽ ላይ ጋዋኑን ደርበሽ ተነሣሽ። እሱን ለጎረቤት አደራ ሰጥተሽ እኔን አስከተልሽኝ። ሌሊቱን የጣለው የበልግ ዝናብ የአቃቂን መረሬ አቡክቶት ስለነበር እያንዳንዱ እርምጃ ጫማችንን ያከብደው ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ማንም አልነበረም። ቴርሞሜትሩን አውጥተሽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርሽው፤ 7 ይላል። ከ8 ሳያልፍ ብለሽ የኩፍኙንና የፖሊዮውን ብልቃጥ አንድ በአንድ እየቆጠርሽ በረዶ ወዳለበት ሣጥን አዛወርሽ። የመንጋጋ ቆልፉን ክትባት ግን በረዶው እንዳይነካው በጋዜጣ ጠቀለልሽ፤ እሱ ከረጋ አይሠራም ብለሽ። ከዚያ መብራት ወዳለበት ወደ ቃሊቲ ለመሄድ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆመን ውይይት ታክሲ ጠበቅን። በበዓል ቀን ማን ይመጣል? ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን።

ተሳፍረን ስንሄድ ሣጥኑን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ በሁለት እጅሽ ክዳኑን ይዘሽ ነበር። እኔ ደግሞ በተሳፋሪው ፊት «ከእኛ ይልቅ ሣጥኑን ነው የምትወጂው» አልኩሽ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየሽ። አልተቆጣሽኝም። «የተበላሸ ወተት በጠረኑ ይታወቃል። ሙቀት የመታው ክትባት ግን መልኩ እንደነበረ ነው። ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት ተከተበልኝ ብላ አምና ትመለሳለች» አልሽኝ። ከዚያ እስክንደርስ ድረስ ምንም አልተናገርሽም።

ቤት ስንገባ 9 ሰዓት አልፏል። ወጡን አሙቀሽ አቀረብሽ፤ በየበዓሉ ለአባባ የምታወጪለትን ፈረሰኛ በእንጀራ ጠቅልለሽ አጎረስሽኝ። ዋጥኩት እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ይኸው 27 ዓመት ሆነው። እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ያን ቀን 33 ዓመትሽ ነበር፤ ባልሽን ቀብረሽ፣ ሁለት ልጆች ይዘሽ። እኔ ዛሬ ያን ጊዜ ከነበርሽበት ዕድሜ በ3 ዓመት እበልጣለሁ፣ እንደዚያ አድርጌ ክዳኑን አጥብቄ መያዜን ግን እጠራጠራለሁ።

ሌላውንም አልረሳሁም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ፣ ሰው ደጃፉን ሳይረግጥ በሚያልፈው ቤት እየገባሽ ቁስል ታጥቢ ነበር። በ2012 ኮሮና ሲገባ ደግሞ ታናሼን ወደ አክስታችን ልከሽ ብቻሽን ከረምሽ። ሰፈሩ «ሲስተር» እያለ ሲጠራሽ ስምሽ እስኪመስለኝ ድረስ ነው ያደግኩት።

ባለፈው እሑድ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ደጃፍ ሄጄ ነበር። ጸጉሬን ስትሠሪኝ ታሪኳን የምትነግሪኝ ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰዳ ነርስነት የተማረችው እዚያ ነው። «የንጉሥ ልጅ ሆና የታመመ ሕፃን አጥባለች» ትዪኝ ነበር፤ በ1934 በወሊድ ምክንያት ማረፏን ስትነግሪኝ ደግሞ ሁልጊዜ እጅሽ ጸጉሬ ላይ ይቆም ነበር። ግቢውን አሻግሬ እያየሁ አንቺን ከጎኔ ባቆምኩሽ ብዬ ተመኘሁ። ቪዛው ከተሳካ አቆምሻለሁ።

ለቤት ወጪ የሚሆን በባንክ ልኬያለሁ። በሰው እጅ ደግሞ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ቁጥር 38 ጫማና የደም ግፊት መለኪያ ይደርስሻል። ጫማውን ለበዓል ብለሽ እንዳታስቀምጪው፤ እግርሽ እንደሚያብጥ አውቃለሁ። የሰፈሩን ሁሉ ግፊት ስትለኪ ኖረሽ የራስሽን ሲለኩልሽ አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህ ታናሼ በየጠዋቱ ለክቶ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፍና በየእሑዱ ያንብብልኝ። ቀንና ሰዓቱን እንዳይዘል አደራ በዪው፤ አንቺ የማቀዝቀዣውን መዝገብ ትይዢው እንደነበረው አድርጎ ይያዘው። ለመሆኑ ያንን መዝገብ ለማን አስረከብሽው?

ናፋቂ ልጅሽ