የጻፍከውን መልሰህ አንብብ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ከሁለት ዓመት በላይ ጠፋሁብህ፤ ለልጅህ ክርስትና እንኳ «እንኳን ደስ አለህ» አላልኩም። ይቅር በለኝ። የቀረውን በስልክ እናወራዋለን፤ አሁን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ፣ ከአንተ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ለሊኑክስ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያዝ ሶፍትዌር፣ እየሠራን ነው። ኔትወርኩን እያወረድን እያነሳን ስንፈትነው ማሽኑ ድንገት ቀጥ ይላል። የሚወድቀው ደግሞ ሁሌ ሌላ ቦታ ነው፤ አንዴ ፋይል ሲስተሙ ጋ፣ አንዴ ከእኛ ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ኮድ ውስጥ። የሊኑክስን የሚሞሪ ስህተት አዳኝ፣ ካሳንን፣ አበራን፤ ምንም አላለም። ለካ ካሳን የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩ የሚነካውን ሚሞሪ ነው፤ ካርዱ በዲኤምኤ፣ ፕሮሰሰሩን ሳያልፍ፣ በቀጥታ ሲጽፍበት አያይም። ቦርዱ አይኦኤምኤምዩ፣ ካርዱ የትኛውን ሚሞሪ መንካት እንደሚችል የሚቆጣጠረው ሃርድዌር፣ ቢኖረው ኖሮ ያኔውኑ ይይዝልን ነበር፤ የለውም።

ትናንት ሌሊት የተለቀቀ ሚሞሪን በታወቀ ምልክት የሚሞላውን የስላብ ፖይዝኒንግን አብርቼ ጠበቅሁ። የተለቀቀ ሚሞሪ 6ቢ 6ቢ 6ቢ እያለ መሄድ አለበት አይደል? መሐሉ ላይ ስድስት ኤፍኤፍ ተደርድሯል፤ ቀጥሎ ስድስት ባይት የአንዱ ማሽን አድራሻ፤ ከዚያ 08 06። አየኸው? የኤአርፒ ፓኬት፣ ማሽኖች አድራሻ የሚጠያየቁበት! በፈሩን፣ ፓኬት የሚያርፍበትን የሚሞሪ ቦታ፣ ከለቀቅነው በኋላ ካርዱ እየጻፈበት ነው። ብቻዬን ጮህኩ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። እንዴት ብዬ እንደምነግርህ... ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠረጠርኩት በቅርቡ የገባችውን ልጅ ኮድ ነበር። እያመሸች መስመር በመስመር ስትፈትሽ ዝም ብዬ አየኋት። ስህተቱ ያለው እኔ የጻፍኩት የመዝጊያ ፋንክሽን ውስጥ ነው፤ «አቁም» የሚለውን ትእዛዝ ካርዱ ሬጂስተር ላይ እጽፍና ወዲያው በፈሩን እለቃለሁ። ትእዛዙ ገና ፕሮሰሰሩንና ካርዱን በሚያገናኘው በፒሲአይ ኤክስፕረስ መንገድ ላይ እያለ!

አምስት ኪሎ ላብ ውስጥ «የጻፍከውን መልሰህ አንብብ» እያልክ ስንቴ ጨቀጨቅከኝ? ያኔ እንደ ቄስ ተማሪ ስታስደግመኝ እስቅብህ ነበር። አንተ ጨቅጫቃ፣ ልክ ነበርክ።

አሁን የቸገረኝ ይሄ ነው፤ መልሼ ባነብ ትእዛዙ መድረሱን አውቃለሁ፣ ካርዱ የጀመረውን መጨረሱን ግን በምን ልመን? የካርዱን ሁኔታ የሚነግረው የስቴተስ ቢት ካርዱ ሥራ መፍታቱን እስኪያሳይ ልጠብቅና፣ ከዚያ ካርዱ በፈሩ ጋ የሚደርስበትን ማፕ ፈትቼ በፈሩን ልልቀቅ? ወይስ አንተ ስትሠራ ሌላ ነገር ገጥሞህ ነበር? ቢቱ ጭራሽ ባይነሳስ?

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደውልልኝ፣ ስልኬ ያው የድሮው ነው።