አክታ ነጻ ቢሆንም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በባሕር ዳር በቲቢ ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ስሆን፣ ስለ ቲቢ ያወጣችሁት ጽሑፍ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ በሽታው ከልብ ወጥቶ እስከ ሆድ የሚወርደውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ አኦርታን፣ ሊያጠቃ እንደሚችል አለማንሳቱ አሳስቦኛል። እርግጥ ነው፣ እምብዛም አያጋጥምም። ተሕዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደም ቅዳው አጠገብ ካለ ከታመመ ንፍፊት ወይም ከአከርካሪ አጥንት ተሻግሮ ግድግዳውን ይቦረቡረዋል፤ ያን ጊዜ ደም በዙሪያው ተቋጥሮ እንደ ከረጢት ያብጣል፤ ይህ እብጠት ከፈነዳ ደግሞ ለማዳን ፋታ አይሰጥም።

አንድ የዘጌ አባት በጀልባ ተሻግረው ወደ እኛ ሲመጡ፣ ሌላ ቦታ «የወገብ ብርድ ነው» ተብለው በማስታገሻ ተመልሰው ለወራት በቅቤ ሲታሹ ቆይተው ነበር። ሌሊት ያልባቸዋል፤ ከስተዋል፤ አክታቸው ግን ነጻ ነው። መዳፌን ሆዳቸው ላይ ሳሳርፍ እንደ ልብ የሚመታ እብጠት ተሰማኝ።

የአክታ ነጻ መሆን ቲቢ የለም ማለት አይደለም። እብጠቱን አጥርቶ የሚያሳየው በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ሲሆን፣ በቀዶ ጥገና የሚወጣው ናሙናም በጂን ኤክስፐርት (የተሕዋሱን ዘረ መል በሚፈልግ መሣሪያ) እና በካልቸር (ተሕዋሱን በማሳደግ) ቢመረመር ምክንያቱን ሊያረጋግጥ ይችላል። መድኃኒት ብቻውን እብጠቱ እንዳይፈነዳ ዋስትና አይሆንም፤ ቀዶ ጥገናም ያለ መድኃኒት ተሕዋሱን አያጠፋም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የተለመደው የ6 ወር ሕክምናም እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይራዘማል።

በሚቀጥለው እትማችሁ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም አነጋግራችሁ ጉዳዩን በሰፊው እንድታቀርቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት ነርስ፣ ከባሕር ዳር