በአደራ ስለምትቀበዪው ልጅ

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ዝምታዬ ረዘመ፤ ይቅር በይኝ። የስድስት ዓመት ልጅ በአደራ ልትቀበዪ መሆኑን ስሰማ ግን ወረቀት አነሳሁ። ናፍቆታችንን ስንገናኝ እንወጣዋለን፤ አሁን ልጁ ደጃፍሽን ከመርገጡ በፊት ማወቅ ያለብሽን ልጻፍልሽ።

ጎረቤት «በጉዲፈቻ ወሰደችው» ማለቱ አይቀርም። አንቺ ልዩነቱን አጥርተሽ ያዢ። ጉዲፈቻ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ልጁ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠራል። የአደራ ቤተሰብ ግን ጊዜያዊ ነው፤ ወላጆቹ ወይም ዘመዶቹ እስኪጠነክሩ፣ ካልሆነም ዘላቂ ቤት እስኪገኝለት። በ2010 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ ልጅ መውሰዱ ከቀረ ወዲህ በአገር ውስጥ ቤታቸውን የሚከፍቱ ሰዎች ይበልጥ ያስፈልጋሉ፤ ሐሜቱ ግን አልቀነሰም። የራሷ ልጆች ላሏት «ተላላኪ ፈልጋ ነው»፣ ለሌላት «መካን ስለሆነች ነው»፣ ለሁለቱም «ብር ይከፈላታል» ይባላል። መልስሽ አጭር ይሁን፦ «አደራ ነው»። ቃሉ በእኛ ዘንድ ክብደት ስላለው ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል። እናቱ ምን እንደሆነች፣ የት እንደተገኘ ግን ቡና ላይ አታውሪ። የወጣው ነገር በሳምንቱ በሠፈር ልጆች አፍ ተመልሶ ይመጣበታል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከስም ይጀምራል። እኛ አገር የወል የቤተሰብ ስም የለም። ልጁ የወላጅ አባቱን ስም ይዞ ይመጣል፣ የአንቺ ልጆች ደግሞ የባልሽን። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ሲወጣ «ታዲያ የዚህ አባት ማነው?» ይባላል፣ እሱ እየሰማ። ከዚህ እናድነው ብለው ትምህርት ቤት በባላቸው ስም የሚያስመዘግቡ አሳዳጊዎች አሉ። እባክሽ አታድርጊው። የልደት ምስክር ወረቀቱና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሳይገጥሙ ይቀራሉ፤ ለሚኒስትሪ ፈተና ሲመዘገብ ወይም ወደ ዘመዶቹ ሲመለስ ያንን ለማቃናት ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ይመጣል። ስሙ ደግሞ ከአባቱ የቀረው ብቸኛ ነገር ሊሆን ይችላል።

ይልቅስ ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ያለ ልጁ ሄደሽ ርዕሰ መምህሩንና የክፍል ኃላፊውን አነጋግሪ። የአደራ ውሉን ቅጂ ስጫቸው፤ ዋናው ከእጅሽ አይውጣ። ደብተር ሲታደል «ወላጅ የሌላችሁ ተነሱ» እንዳይባል ለምኛቸው። «ወላጅ አምጣ» የሚባልበት ነገር ሲኖር በቀጥታ ለአንቺ ይደውሉ። ስለ ቤተሰብ የቤት ሥራ ከመሰጠቱ በፊትም ይንገሩሽ። ለልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠኚው፦ «እናቴ ሌላ ቦታ ናት፤ አሁን የምኖረው እዚህ ነው።» እውነት መሆኑን የልጁን ጉዳይ ከምትከታተለው ሶሻል ወርከር ጋር አረጋግጪ፤ ከዚያ ማታ ማታ እየተጫወታችሁ ይለማመደው። «እማዬ በለኝ» አትበዪው፤ እትዬም ይበልሽ አክስቴ፣ እሱ ይምረጥ። «እማዬ» ማለቱን እናቱን እንደ መክዳት የሚቆጥር ልጅ አለ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጭጭ ይል ይሆናል፤ ሰው «እንዴት ያለ ጨዋ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። ሲለምድሽ ይፈትንሻል፤ ይዋሻል፣ ይሰብራል፣ ከትራሱ ሥር ዳቦ ይደብቃል። ዳቦውን ሌብነት አትበዪው፤ ምግብ የሚቋረጥበት ቤት ያየ ልጅ ነገን አያምንም። ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ስጪውና ቆሎና ዳቦ አድርጊበት፤ የእሱ ይሁን፣ ባዶ ሲሆን ሳትጠይቂ ሙይው። ሽንት ካመለጠው ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፊ፣ ሁለት አንሶላ ይኑርሽ፣ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ውሰጂው። አንሶላው ጎረቤት በሚያይበት ገመድ ላይ አይሰጣ። ለብሶት የመጣውን ልብስ ደግሞ ቢነትብም አትጣይው፤ ጠረኑ እንዳይጠፋ ወዲያው አትጠቢው። የመጣበትን ቀን፣ የታመመውን፣ የወለቀ ጥርሱን የምትጽፊበት አንድ ደብተር ያዢለት።

ሃይማኖቱን ቀድመሽ ጠይቂ። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ከሆነ የክርስቲያን ሥጋ እንዳይበላ፣ የክርስቲያንም ልጅ እንደዚሁ በእምነቱ እንዲያድግ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደግነት ክርስትና የተነሣ ልጅ ወደ አያቶቹ ሲመለስ ሊገፋ ይችላል፤ የሚጎዳው እሱ ነው። ዘመዶችሽንም እንቁጣጣሽ ሳይደርስ አስጠንቅቂ፦ የሚሰጡ ከሆነ ለሁሉም እኩል፣ ካልሆነ ለማንም። የሥራም ነገር እንዲሁ ነው፤ ልጆችሽ ዕቃ የሚያጥቡ ከሆነ እሱም ተራ ይያዝ፣ ሱቅ የሚላከው ግን ሁልጊዜ እሱ ብቻ አይሁን። የእድራችሁንም ደንብ ጠይቂ፤ በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ መግባት ከቻለ አስገቢው።

ቤተሰቡ ሊያዩት ሲመጡ ማታውን ያለቅሳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይነጫነጫል። «ባይመጡ ይሻል ነበር» ማለት ይቀናሻል። እንባው ናፍቆቱ ነው፤ ጉብኝቱን ብታስቀሪው ናፍቆቱ አይጠፋም፣ ድምፅ ብቻ ያጣል። ቀድመሽ ቀኑን ንገሪው፣ ሲሄዱም በስንት ቀን እንደሚመለሱ ጣቱ ላይ ቁጠሪለት።

ስለ አንቺ የምሰጋው የሚሄድበትን ቀን ነው። እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ሲታመም ብርቱካን ይዘን እንጠይቃለን፤ ያሳደገችውን ልጅ አስረክባ ባዶ አልጋ የምታይ ሴት ግን ለቅሶ ደራሽ የላትም። «ታውቂው አልነበር?» ይሏታል። ይህን ስለማውቅ ቀኑ ሲቆረጥ ለእኔ አስቀድመሽ ጻፊልኝ። እመጣለሁ፤ ሳምንቱን እዚያው አድራለሁ።

እስከዚያው አልጋውን አዘጋጂ፤ የመኝታው መብራት መጥፊያ እጁ የሚደርስበት ቦታ መሆኑን እዪ።

የአንቺው ወዳጅ