ግልጽ ደብዳቤ፦ «ወራጅ አለ» የት ላይ ይባል?

ለባሕር ዳር ከተማ የመንገድና የትራፊክ ጉዳይ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ አባይ ማዶ የምኖር ብስክሌተኛ ነኝ። ሥራዬ መሃል ከተማ ስለሆነ ድልድዩን በቀን ሁለት ጊዜ እሻገራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ፣ 12 ሰዓት ተኩል ግድም፣ የዩኒቨርሲቲውን ፔዳ ግቢ አልፌ ወደ ቤቴ ስገሰግስ ከፊቴ አንድ ባጃጅ ነበረ። ከውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ሰማሁ። ወዲያው ባጃጁ ወደ ቀኝ እጥፍ ብሎ መንገዴን ዘግቶ ቆመ። ፍሬቻ የለ፣ ምን የለ። ፍሬን ያዝኩ፤ ከመውደቅ ግን አልተረፍኩም። ክርኔ ተላጠ፣ የፊት ጎማዬ ተጣመመ፣ በፌስታል ያንጠለጠልኩት ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ተበተነ። የወረደችው ሴትዮ ቲማቲሙን እየለቀመች «ውይ ወንድሜን! እኔ ነኝ ወራጅ ያልኩት» ትላለች። ሾፌሩ ደግሞ «አውርደኝ ሲሉኝ ምን ላድርግ? ትንሽ ባልፍ እኮ ይሰድቡኛል» አለ።

ልጁ አልዋሸም። እኔም ብስክሌቴ ሲበላሽ ባጃጅ እይዛለሁ። «እዚህ ጋ» ስል ዜብራ ይሁን መታጠፊያ አላይም፤ የማየው የቤቴን በር ነው።

አደጋ በደረሰ ቁጥር የምንሰማው ያው ነው፦ ፍጥነት፣ መጠጥ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት። ውሸት አይደለም። ግን ቅድሚያ ለመስጠት መጀመሪያ እግረኛውን ማየት ያስፈልጋል። ዜብራ ላይ ሁለት ባጃጅ ተሳፋሪ ሊጭን ከቆመ፣ ከኋላቸው ብቅ የሚለውን ተማሪ ማን ያየዋል? በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ በምታልፈው አንዲት ሰከንድ ብቻ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስድስት ባጃጅ ተሰልፎ የሚይዘውን ቦታ ማለት ነው። ፍሬኑ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ30 ቢመጣ ግን ያቺ ሰከንድ የምትወስደው 8 ሜትር ብቻ ነው።

የባጃጁን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሾፌሩ አጠገብ የሚጫነው ሰው ጉዳይ ያሳስበኛል። ባጃጅ የሚነዳው በመሪ ሳይሆን በእጀታ ነው። ክርን መዘርጊያ ከሌለ እንደልብ አይታጠፍም። የእግር ፍሬኑም ያለው በቀኝ በኩል ነው፤ እዚያ ጋ የሰው ጉልበት ከተቀመጠ አስቡት። ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ ደግሞ በፍጥነት ሲታጠፍ መገልበጥ ይቀናዋል። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን ጥቅስ ሳልረሳ። አንዳንዱ ደስ ይላል፣ እኔም አነባለሁ። ሾፌሩ ግን መንገዱን የሚያየው ከጥቅሱ ሥር በተረፈችው ክፍተት ነው።

አዲሱ ድልድያችን ግንቦት 2016 ሲመረቅ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ ለእግረኛም ለብስክሌትም የራሱ መስመር። በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ ሁሉም ወዶ ሳይሆን ተገዶ ቀስ ይል ነበር። አሁን መንገዱ ሰፋ፤ እግርም ነዳጅ ላይ ከበደ። ድልድዩ ላይ ተመችቶኝ እነዳለሁ። ከድልድዩ ስወርድ ግን ከባጃጁ፣ ከሚኒባሱና ከገልባጩ ጋር እጋፋለሁ። ባሕር ዳር እኮ የብስክሌት ከተማ ነበረች!

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በዋና ዋና መንገዶች ላይ የባጃጅ መጫኛና ማውረጃ ቦታ በቀለም ይሰመር፤ ከዜብራውና ከመታጠፊያው ራቅ ብሎ። ያኔ ሾፌሩ «እዚህ ማውረድ አይቻልም» ለማለት አፍ ያገኛል፣ እኛም እንለምደዋለን። መጀመሪያ ሰሞን እንደምንነጫነጭ ከአሁኑ እነግራችኋለሁ። የደበዘዘው ዜብራ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ ትምህርት ሲከፈት ይቀባ። ሐምሌ ላይ ቀብቶ ለዝናብ መስጠት ቀለም ማባከን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አደጋ ሲመዘገብ ማን እንዳጠፋ ይጻፋል። የት እንደደረሰ ግን በየወሩ በካርታ ላይ ምልክት ተደርጎበት ለሕዝብ ይለጠፍ። አንድ ቦታ ላይ ሦስትና አራት ሰው ከተመታ ጥፋቱ የሾፌሮቹ ብቻ ላይሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ከኮብልስቶኑ የወረደ አሸዋ አስፋልቱ ላይ ተከምሮ ይሆናል፣ ዛፍ ምልክቱን ሸፍኖት ይሆናል።

ቦታውን ማየት ከፈለጋችሁ በሥራ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፔዳ አካባቢ ኑ። በመኪና ሳይሆን በእግር ወይም በብስክሌት። ሩብ ሰዓት ቆመን «ወራጅ አለ» የሚባልባቸውን ቦታዎች አብረን እንቆጥራለን።

አክባሪያችሁ፣
ከአባይ ማዶ አንድ ብስክሌተኛ